የእንስሳት ናሙና ማከማቻ ክፍል አያያዝ፦ ከመለያ ወረቀቱ እስከ አልኮል ጠርሙሱ

እ.ኤ.አ. በ1990 በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ጥናት ያካሂዱ የነበሩ ተመራማሪዎች በሜዳው መካከል በሚያልፈው ጥርጊያ መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አገኙ። አካሏ ፈርሶ ስለነበር ይዘው ሊመለሱ የቻሉት አንድ ክንፏን ብቻ ነው። ክንፉ እንግሊዝ አገር ደርሶ በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ለብዙ ዘመን ተኝተው ከቆዩት፣ ናይትጃር ከሚባሉት ሌሊት የሚበሩ ወፎች ጋር ሲነጻጸር ከየትኛውም ጋር አልገጥም አለ፤ በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ መሆኑ ተገልጾ «ካፕሪሙልገስ ሶላላ» የሚል ሳይንሳዊ ስም ወጣለት። «ሶላላ» ብቸኛ ክንፍ እንደ ማለት ነው። ለዚያ ክንፍ ዋጋ የሰጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የትና መቼ እንደተገኘ የሚናገረው ጽሑፍ አንዱ ነው፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆኑት የሌሎች ወፎች ክንፎች ሳይበሉና ሳይሻግቱ እስከዚያ ቀን መቆየታቸው ደግሞ ሁለተኛው ነው። የማከማቻ ክፍል ጠባቂ ሥራ በእነዚህ በሁለቱ ይጠቃለላል፤ ከዚህ በታች የተዘረዘረውም ሁሉ ወይ አንዱን ወይ ሌላውን ለመጠበቅ የሚደረግ ነው።

የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጎብኚ የሚያየው በመስታወት ውስጥ የቆመውን አንበሳና ከጣሪያ የተንጠለጠለውን አጽም ነው። ዋናው ሀብት ግን ጎብኚ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ነው ያለው። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከያዛቸው 80 ሚሊዮን ገደማ ናሙናዎች ለእይታ የሚቀርቡት እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ግን እንዲህ ላለው ትልቅ ተቋም ሳይሆን በዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል፣ በፓርክ ጽሕፈት ቤት ወይም በአነስተኛ ሙዚየም ውስጥ የአንድ ወይም የሁለት ክፍል ቁልፍ ለተሰጣቸው፣ በጀታቸውም አነስተኛ ለሆነ ሰዎች ነው።

1. ከመግባትዎ በፊት ራስዎን ይጠብቁ

ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በብዙ ቦታ እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹና 1980ዎቹ ድረስ፣ እንስሳ የሚሞሉ ባለሙያዎች የቆዳውን ውስጠኛ ገጽ አርሴኒክ ባለበት ሳሙና ይቀቡት ነበር። ዓላማው ነፍሳት ቆዳውን እንዳይበሉት ነው። የሜርኩሪ ውሁዶችን የተጠቀሙም አሉ። እነዚህ መርዞች በዘመን ብዛት አይጠፉም። ከ50 ዓመት በፊት የተዘጋጀ የድኩላ ቆዳ ዛሬም ከዓይኑ ዙሪያ፣ ከጆሮው ሥርና ከሆዱ ስፌት ላይ ነጭ ብናኝ ሲያወጣ ሊታይ ይችላል። ብናኙ ባይታይም እንኳ ታሪኩ ያልታወቀ ማንኛውም አሮጌ ቆዳ መርዝ እንዳለበት ተቆጥሮ ይያዝ።

ስለዚህ የናይትሪል ጓንት፣ ብናኝ የሚያግድ ማስክና ከክፍሉ የማይወጣ ጋውን ይልበሱ። ከቆዳ ላይ አቧራ በአፍዎ እፍ አይበሉ፤ በጨርቅም አያራግፉ። ሥራው ሲያልቅ ጓንቱን አውልቀው እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ምግብና ሻይ ወደ ክፍሉ አይግባ፤ ይህ የሚደረገው ለጤና ብቻ ሳይሆን የወደቀ የዳቦ ፍርፋሪ አይጥንና ነፍሳትን ስለሚጠራም ነው።

2. ምንም ሳያንቀሳቅሱ ያለውን ይመዝግቡ

አዲስ ጠባቂ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ማጽዳትና ማስተካከል ነው። ይህ ፍላጎት በጎ ቢሆንም የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ነው፤ ናሙናው የተቀመጠበት ቦታ ራሱ መረጃ ሊሆን ይችላልና። መለያው የጠፋ አንድ አይጥ መለያ ካላቸው ሌሎች አሥራ አንድ አይጦች ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ቢገኝ ምናልባት ከነርሱ ጋር የመጣ ይሆናል። ወደ ሌላ ሣጥን በተዛወረ ጊዜ ግን ያ ፍንጭ ለዘለዓለም ይጠፋል።

ስለዚህ አስቀድመው የክፍሉን ንድፍ በወረቀት ላይ ይሳሉ፤ ለእያንዳንዱ ቁም ሳጥን ፊደል፣ ለእያንዳንዱ መሳቢያ ቁጥር ይስጡ። ከዚያም መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ ከላይ ፎቶ ያንሱ፤ የመሳቢያው ቁጥር በፎቶው ውስጥ መታየት አለበት። ይህ ከተጠናቀቀ በኋላ የድሮውን መዝገብ ያውጡና በመዝገቡ ያለውን ከመሳቢያው ጋር፣ በመሳቢያው ያለውን ደግሞ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክሩ። በሁለቱም አቅጣጫ ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ከመዝገብ ወደ መሳቢያ ብቻ የሚሄድ ቆጠራ የጠፋውን እንጂ ያልተመዘገበውን አያሳይምና። ያልተገኘ ነገር ከመዝገብ አይሰረዝም፤ «በዚህ ቀን ሲፈለግ አልተገኘም» ተብሎ ከጎኑ ይጻፋል።

3. መለያ ወረቀቱ

ኢጣሊያዊው ልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ነገሮች መካከል ነጭ ጉትዬ ያላት አረንጓዴ ቱራኮ ትገኝ ነበር፤ ወፏ እ.ኤ.አ. በ1896 በአዲስ ዝርያነት ተገልጻ የልዑሉን ስም ያዘች። ይሁን እንጂ ሩስፖሊ የትና መቼ እንዳገኛት የሚገልጽ ማስታወሻ አልተወም። ናሙናዋ በእጅ እያለች ወፏ የምትኖርበት ጫካ ግን የት እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ሌሎች ናሙናዎች እስከተገኙበት እስከ 1940ዎቹ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አለፈ። አንዲት ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ብትኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ዘመን ባልባከነ ነበር።

መለያው ቢያንስ የሚከተሉትን መያዝ አለበት፦ የመዝገብ ቁጥር፣ የተገኘበት ቦታ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢው ስም፣ ጾታው የሚታወቅ ከሆነ ጾታው፣ እንደዚሁም ናሙናው መጀመሪያ በምን እንደተዘጋጀ። የዝርያው ስም ከሁሉ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ስም በማንኛውም ጊዜ በባለሙያ ሊስተካከል ሲችል ቦታና ቀን ግን ከጠፉ በኋላ በምርመራ አይመለሱም።

በእኛ አገር ሁለት ነገሮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው ቀን ነው። «5/3/1998» ብቻ የሚል መለያ ያጋጠመው ሰው ኅዳር 5 ቀን 1998 ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1998 የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ነው፤ ወቅቱም አንድ አይደለም። ወሩ ሁልጊዜ በስሙ ይጻፍ፤ ከዓመቱም አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው አይቅር። ሁለተኛው የቦታ ስም ነው። «ሚካኤል አጠገብ» የሚል መለያ ለጻፈው ሰው በዚያን ዕለት ግልጽ ነበር፤ ከ20 ዓመት በኋላ ግን የትኛው ሚካኤል እንደሆነ የሚነግረን የለም። ከቀበሌው እስከ ክልሉ ተጽፎ የጂፒኤስ ነጥብ ይጨመርበት፤ የቦታው ስምም በፊደላችንና በላቲን ፊደል ጎን ለጎን ይስፈር፤ በላቲን ብቻ የተጻፈ የአገራችን ስም ጠብቆ ወይም ላልቶ መነበቡን፣ «ጠ» ወይም «ተ» መሆኑን ስለማይለይ።

ስለ ወረቀቱና ስለ ቀለሙ ከራሴ ገጠመኝ ልናገር። ሥራውን በጀመርኩበት ማከማቻ የእንቁራሪት ጠርሙሶች መለያቸው ከውጭ በሙጫ የተለጠፈ፣ ጽሑፉም በተራ እስክሪብቶ የተጻፈ ነበር። አንድ ቀን የአንዱ ጠርሙስ ክዳን ላልቶ አልኮሉ በመደርደሪያው ላይ ፈሰሰ፤ ከሥሩ በነበሩት ጠርሙሶች ላይ እየተንጠባጠበ ጽሑፉን ሁሉ ወደ ሰማያዊ ውኃ ለወጠው። እንቁራሪቶቹ አንዳች ሳይሆኑ በጠርሙሳቸው ውስጥ ነበሩ። አሥራ ዘጠኙ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ እንቁራሪቶች ሆኑ። ያን ሰማያዊ ውኃ በጨርቅ ስጠርግ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ መለያው በፈሳሽ ውስጥ የማይበጣጠስ፣ ከጥጥ የተሠራ አሲድ አልባ ወረቀት ይሁን። የሚጻፈው በእርሳስ ወይም በማይፈዝና አልኮል በማያጠፋው ጥቁር የካርቦን ቀለም ነው። በሌዘር ማተሚያ የወጣ ጽሑፍ አልኮል ውስጥ ሲቆይ ፊደሉ ከወረቀቱ ላይ እየተላጠ ይወርዳልና አይታመንም። ፈሳሽ ላለበት ናሙና መለያው ጠርሙሱ ውስጥ፣ ጽሑፉ ወደ ውጭ እንዲታይ ሆኖ ይገባል፤ የውጪው መለያ ለፍለጋ ምቾት ብቻ ነው። ለወፍና ለአጥቢ ቆዳ ደግሞ በጥጥ ክር እግሩ ላይ ይታሰራል። የቀድሞ መለያ ስህተት ቢኖርበትም፣ ቢቆሽሽም አይጣልም፤ አዲሱ ከአሮጌው ጎን ይታከላል። አንድ ዝርያ መጀመሪያ የተገለጸበት ናሙና ካለዎት፣ ምሁራን «ታይፕ» የሚሉት ነው፣ ቀይ መለያ ተደርጎለት ለብቻው በሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ።

4. አዲስ ገቢ ናሙና በቀጥታ ወደ ማከማቻው አይግባ

ከመስክ የመጣ ቆዳ፣ ከትምህርት ቤት የተለገሰ የተሞላ ወፍ፣ በውሰት ሄዶ የተመለሰ ሣጥን፣ ሁሉም መጀመሪያ በሌላ ክፍል ይቆያሉ። አንዲት እንቁላሏን የጣለች ጥንዚዛ ገብታ የጠቅላላውን መሳቢያ ላባ በጥቂት ወራት ወደ ዱቄት ልትለውጠው ትችላለች።

በኬሚካል ፈንታ ቅዝቃዜ የተሻለ መድኃኒት ነው። ደረቁን ናሙና ከነመለያው በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያስገቡ፤ አየሩን ቀስ ብለው አስወጥተው አፉን አጥብቀው ያሽጉ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት ይተዉት፤ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስ ፍሪዘር ካለ ሦስት ቀን ይበቃል። መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ከቀለጠ ቆጠራው ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል፤ ለዚህም በውስጡ የሙቀት መለኪያ ማኖርና በየቀኑ መመዝገብ ያሻል። ከፍሪዘር ሲወጣ ከረጢቱን ወዲያው አይክፈቱት። ለአንድ ሙሉ ቀን እንደታሸገ ቢቆይ ጤዛው በከረጢቱ ውጫዊ ገጽ ላይ ይሆናል፤ ቀድመው ከከፈቱት ግን ጤዛው ላባው ላይ ያርፋል።

5. ደረቅ ቆዳና የተሞላ እንስሳ

ለምርምር የሚዘጋጅ የወፍ ቆዳ ለእይታ ከሚቆመው ይለያል፦ ክንፎቹ ታጥፈው፣ ዓይኖቹ ቦታ ጥጥ ተደርጎ፣ እግሮቹ ተጠላልፈው በጀርባው ይተኛል። እንዲህ ያለውን ሲያነሱ በሁለት እጅ ከሥሩ ደግፈው ያንሱት። በእግሩ፣ በጅራቱ ወይም በመለያው ክር ፈጽሞ አያንጠልጥሉት፤ የደረቀ የወፍ አንገት እንደ ስንዴ አገዳ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ነው። ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው የሚወስዱትም በእጅ ሳይሆን በሳፋ ወይም በትሪ ይሁን።

መሳቢያው በአሲድ አልባ ወረቀት ይነጠፍ፤ ወፎቹ አንዱ በሌላው ላይ ሳይደራረቡ ይደርደሩ። እንጨት በተለይ አዲስ ሲሆን የሚያወጣው አሲዳማ ትነት ዛጎልንና የእንቁላል ቅርፊትን ይበላል፤ የዛጎሉ ገጽ ነጭ ዱቄት ካበቀለ ከእንጨቱ ያውጡትና በመስታወት ወይም በብረት መሳቢያ ያኑሩት። የእንቁላል ቅርፊት ዋጋ የለውም የሚል ካለ የነፍሳት መግደያውን የዲዲቲን ታሪክ ያስታውስ፦ እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዛዊው ዴሬክ ራትክሊፍ የቆዩ የጭልፊት እንቁላል ቅርፊቶችን ከአዲሶቹ ጋር አነጻጽሮ ዲዲቲ በስፋት መረጨት ከጀመረበት ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ቅርፊቱ መሳሳቱን ያሳየው ሰብሳቢዎች አስቀምጠዋቸው በነበሩ እንቁላሎች ነው።

ብርሃን ላባን ያገረጣል፤ ያገረጣ ቀለምም አይመለስም። መስኮት ካለ በወፍራም ጨርቅ ይሸፈን፤ አምፖሉም የሚበራው ሰው ሲኖር ብቻ ይሁን።

6. ፈሳሽ ያለባቸው ጠርሙሶች

ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ እባብና እንሽላሊት፣ አብዛኞቹም ለስላሳ አካል ያላቸው እንስሳት በፈሳሽ ይቀመጣሉ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ፎርማሊንና አልኮል አንድ ሥራ ይሠራሉ ብሎ ከማሰብ ነው። ፎርማሊን አካልን ያጸናል፤ አልኮል ደግሞ የጸናውን ለዘመናት ያቆያል።

በገበያ የሚሸጠው ፎርማሊን 37 በመቶ ገደማ ፎርማልዴሃይድ የያዘ ነው። ከርሱ 1 እጅ በ9 እጅ ውኃ ይበጥብጡ፤ ፈሳሹ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ትልቅ ናሙና ከሆነ በመርፌ ወደ ሆዱና ወደ ወፍራም ጡንቻዎቹ ይወጋ፤ ያለዚያ ከውጭ ጸንቶ ከውስጥ ይበሰብሳል። ትንሽ ዓሣ በጥቂት ቀናት፣ ትልቅ እንስሳ በሳምንታት ይጸናል። ከዚያ በላይ መቆየት አይገባውም፤ ፎርማሊን ሲቆይ አሲድ እየሆነ የትናንሽ እንስሳትን አጥንት ስለሚያሟሟ። የዘረመል ምርመራንም ስለሚያበላሽ ገና ፎርማሊን ሳይነካው ከጉበቱ ወይም ከጡንቻው የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ይቆረጥና በ95 በመቶ አልኮል በትንሽ ብልቃጥ፣ በተመሳሳይ የመዝገብ ቁጥር ትቀመጥ። ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ ነው፤ ሥራው የሚሠራው አየር በሚወጣበት ቦታ፣ በመነጽርና በጓንት ነው።

የጸናው ናሙና በውኃ በደንብ ይታጠባል፤ ከዚያም በደረጃ፣ ከ30 ወደ 50፣ ከ50 ወደ 70 በመቶ አልኮል ይሸጋገራል። በአንድ ጊዜ ወደ ብርቱ አልኮል ከገባ ውኃው ከአካሉ በድንገት ስለሚወጣ ይጨማደዳል። 70 በመቶ ለማዘጋጀት ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው፦ ከ96 በመቶ አልኮል 70 ሚሊ ሊትር ይለኩና ጠቅላላው 96 ሚሊ ሊትር እስኪሆን ድረስ ንጹሕ ውኃ ይጨምሩበት። ለማቃጠያ ተብሎ ቀለምና ሌላ ኬሚካል የተቀላቀለበት አልኮል ውኃ ሲነካው ሊደፈርስ ስለሚችል ለናሙና አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ የቆዩ ጠርሙሶችን ወደ መንከባከብ እንምጣ። የፈሳሹ መጠን የቀነሰ ጠርሙስ ሲያገኙ እጅዎ ወደ አልኮሉ ይሄዳል፤ ይታገሡ። መጀመሪያ በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ከፈሳሹ በቀጭን ሲሊንደር ይቅዱና የፈሳሽ መለኪያ ሃይድሮሜትር ይንሳፈፍበት። 70 በመቶ አልኮል በ20 ዲግሪ ሙቀት 0.89 ገደማ ያሳያል፤ አልኮሉ እየሳሳ ሲሄድ ቁጥሩ ወደ 1 ይቀርባል፤ የተበጠበጠ ፎርማሊን ከ1 በጥቂቱ ይበልጣል። አልኮል ከውኃ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚተን ግማሹ የጎደለ ጠርሙስ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ 70 በመቶ አይደለም፤ ምናልባት 50 ወይም ከዚያ በታች ነው። በላዩ 70 በመቶ ቢሞሉበት መልኩ ሙሉ ሆኖ ኃይሉ ግን ደካማ የሆነ ጠርሙስ ይኖርዎታል፤ ከውጭ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ በውስጡ ግን ናሙናው ይላላል። ለክቶ ብርቱውን አልኮል በልኩ በመጨመር ወይም ፈሳሹን በደረጃ ሙሉ በሙሉ በመቀየር ይስተካከላል። የሆነውም ሁሉ፣ የተለካው ቁጥር፣ የተጨመረው መጠንና ቀኑ፣ በመዝገቡ ይጻፋል።

ቢጫ ወይም ቡናማ የሆነ ፈሳሽ ሁልጊዜ የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ ከአካሉ የወጣ ስብና ቀለም ሊሆን ይችላል። የደፈረሰ፣ ሽታው የተለወጠ ወይም በላዩ ነጭ ነገር የያዘ ከሆነ ግን ይቀየር። ፈሳሹ ጨርሶ ደርቆ ናሙናው እንደ ቋንጣ የሆነበት ጠርሙስ ካጋጠመዎት አልኮል አያፍሱበት፤ አይጣሉትም። ከነመለያው እንደ ደረቀ ያቆዩት፤ ማራሱ የሠለጠነ እጅ የሚሻ ሥራ ነው።

የጠርሙሱ ክዳን ከሁሉ የሚበልጥ ትኩረት ይፈልጋል። የቆርቆሮ ክዳን ይዝጋል፤ ዝገቱም ወደ ናሙናው ይወርዳል። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ክዳን፣ በውስጡ ለስላሳ ማሸጊያ ያለው፣ ይሻላል። እንደ አርባ ምንጭ ባለ ሞቃት ቦታ ያለ ማከማቻ ጠርሙሶቹን አዲስ አበባ ካለው ይልቅ አዘውትሮ ማየት አለበት። ቀላሉ ዘዴ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ የፈሳሹን ከፍታ በማይጠፋ ቀለም በቀጭን መስመር ምልክት ማድረግ ነው፤ በሚቀጥለው ጉብኝት ያለቀው ምን ያህል እንደሆነ ዓይን ብቻውን ይናገራል።

70 በመቶ አልኮል በ17 ዲግሪ አካባቢ እንኳ እሳት ሊይዝ የሚችል ትነት ያወጣል። ይህ ማለት በተራ የክፍል ሙቀት ማለት ነው። ሻማ፣ ምድጃ፣ ሲጋራ፣ የተበላሸ ማብሪያ ማጥፊያ በዚያ ክፍል ቦታ የላቸውም፤ ጠርሙሶቹም ከደረቁ ቆዳዎች በተለየ ክፍል ይቀመጡ።

7. አጽምና ነፍሳት

አጥንትን ከሥጋ ለማጽዳት ትልልቅ ሙዚየሞች «ደርሜስቴስ» የሚባለውን የቆዳ ጥንዚዛ ያረባሉ፤ እጮቹ ሥጋውን ከየስንጥቁ ለቅመው አጥንቱን ሳይጎዱ ያጸዳሉ። ይኸው ጥንዚዛ ግን ወደ ማከማቻው ከዘለቀ ጠላት ነው፤ ስለዚህ ማርቢያው በሌላ ሕንፃ ይሁን፤ የጸዳው አጽም ሁሉ ወደ መደርደሪያ ከመሄዱ በፊት በፍሪዘር ይለፍ። ይህን ለማድረግ አቅም የሌለው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለሳምንታት ማቆየት ይችላል። ልብስ ማንጫ በረኪና አጥንትን ውስጥ ለውስጥ ያፈርሳልና ፈጽሞ አይነካው፤ ማንጣት ካስፈለገ ቀላል ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይበቃል። የመዝገቡ ቁጥር በያንዳንዱ ትልቅ አጥንት ላይ በካርቦን ቀለም ይጻፍ፤ መንጋጋ ከራስ ቅሉ ተለይቶ የሚጠፋው ቁጥር ስለሌለው ነው።

በመርፌ የተሰካ ነፍሳት የሚያዘው በመርፌው ነው እንጂ በአካሉ አይደለም። የረገፈ እግር ካለ በትንሽ ካርድ ላይ ተጣብቆ በዚያው መርፌ ላይ ይሰካ።

8. ክረምቱን መሻገር

የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለው መካከል ቢቆይ ለደረቅ ናሙና መልካም ነው፤ ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ መብቀል ይጀምራል። በደጋው አገር ሐምሌና ነሐሴ ፈተና ናቸው። የእርጥበት መለኪያ ገዝተው ጠዋትና ማታ ቁጥሩን ይጻፉ። ቁም ሳጥኖቹ ከውጪው ግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብለው፣ ከወለሉም በእግር ከፍ ብለው ይቁሙ፤ የዝናብ ውኃ ከጣሪያና ከግድግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው የተጠጋውን ነው። ግንቦት ሳያልቅ ጣሪያውና አሸንዳው ይጠገን። በደንብ በሚዘጉ ቁም ሳጥኖች ውስጥ እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል ማኖርና ሲርስ በምድጃ አድርቆ መመለስ ይቻላል። የሻገተ ነገር ሲገኝ በማስክ ይነሳ፤ ለብቻው በደረቅ ቦታ ይቆይ፤ ሻጋታው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ከደጅ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ።

9. ነፍሳትን በመስኮት ይጠብቁ

የሙዚየም ጥንዚዛ የሚባለው «አንትሬነስ» ከምስር ፍሬ ያንሳል፤ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው። ቆዳና ላባ የሚበላው እጩ ነው፦ ቡናማ፣ ጸጉራም፣ ቀስ እያለ የሚሄድ። ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን የአበባ ዱቄት ፍለጋ ወደ ብርሃን ይበራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የሚገኘው በመሳቢያው ውስጥ ሳይሆን በመስኮቱ ደፍ ላይ ነው፤ በዚያ አንድ የሞተ ጥንዚዛ ያገኘ ጠባቂ በክፍሉ የሆነ ቦታ እጭ አለ ብሎ መፈለግ ይጀምር። በየወሩ የመስኮቱን ደፍ በአጉሊ መነጽር ይመርምሩ፤ በየጥጉም የሚያጣብቅ ወጥመድ አኑረው የተያዘውን ይቁጠሩና ቀኑን ይጻፉ። መሳቢያ ሲከፍቱ ከናሙናው ሥር የፈሰሰ ደቃቅ ዱቄትና የእጭ ልብስ የሆነ ባዶ ቅርፊት ካገኙ ያን መሳቢያ ሙሉውን ወደ ፍሪዘር ይውሰዱት። አበባም ወደ ክፍሉ አይግባ፤ የመስከረም የአደይ አበባ እቅፍም ቢሆን ጥንዚዛውን ይዞ ሊገባ ይችላል።

ናፍታሊን የበዛበት ክፍል በደንብ የተጠበቀ የሚመስላቸው አሉ። ትነቱ ለሠራተኛው ጤና ጎጂ ነው፤ በናሙናው ላይም ተመልሶ ክሪስታል ይሠራል። በቅዝቃዜና በክትትል መተካት ይገባዋል።

10. ውሰት፣ ናሙና መቁረጥና እሳት

ናሙና የሚወስድ ተመራማሪ ስምና ፊርማ፣ የመመለሻ ቀንና የናሙናው ፎቶ ይመዘገባል። ቁራጭ እንዲወሰድ የሚፈቀደው በጽሑፍ ሲጠየቅ፣ ምን ያህል እንደሚቆረጥ ሲታወቅና የምርመራው ውጤት ወደ መዝገቡ እንዲመለስ ስምምነት ሲኖር ነው። የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይቴስ ስምምነት ጥበቃ የሚደረግለት እንስሳ ከአገር ከመውጣቱ በፊት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ሞቶ በአልኮል ያለ መሆኑ ከዚህ ነጻ አያደርገውም።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 በሪዮ ዴ ጃኔይሮ የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ሲቃጠል ከ20 ሚሊዮን ገደማ ናሙናዎችና ቅርሶች አብዛኛው ጠፋ። ከተረፈው ብዙው በሌላ ሕንፃ ተቀምጦ የነበረው ነው። ሕንፃ መጨመር ለብዙዎቻችን አይቻል ይሆናል፤ መዝገቡን በሌላ ቦታ ማኖር ግን ይቻላል። የመዝገቡን እያንዳንዱን ገጽ፣ የመሳቢያዎቹን ፎቶዎችና በቁጥር 2 የተሠራውን የክፍሉን ንድፍ ገልብጠው አንዱን ቅጂ ከዚያ ግቢ ውጭ ያስቀምጡ፤ በየዓመቱ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አዲሱን ጨምረው ያድሱት፤ የታደሰበት ቀንና ያደሰው ሰው ስምም በሽፋኑ ላይ ይጻፍ።